ተፍኪና የጅማ መንገድ

ተፍኪ የጤፍ አገር ናት። ሜዳዋ ሰፊ፣ አፈሯ መረሬ ነው። የጅማ መንገድ በተፍኪ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና ሰበታን አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን ያልፋል። ወደ ግቤ ቆላ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ይወጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጎረቤታችን የሰበታ ከተማ ቡድን በፕሪሚየር ሊግ ይጫወት ነበር። ፕሪሚየር ሊግ የአገራችን ትልቁ የእግር ኳስ ውድድር ነው። ጅማ አባ ጅፋርም እዚያው ነበር። ይህ ቡድን በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ወስዷል። እንዲህ ያለውን ቡድን በገዛ ሜዳው መግጠም ቀላል አይደለም። መንገዱ ጉልበት ይጨርሳል። የአገሩም ሕዝብ የሚጮኸው ለልጆቹ ነው።

ታዲያ ደጋፊ ምን ይመኝ? «ካላሸነፍን ምን ዋጋ አለው!» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንቁጠር እንላለን። ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል። እኩል የወጣ 1 ያገኛል። የተሸነፈ ምንም የለውም። ከሰው ሜዳ 1 ነጥብ ይዞ መመለስ ውርደት አይደለም። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ናት፤ ጎተራ የምትሞላው ግን እሷው ናት።

የ2012ቱ ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ። በ2014 ዓ.ም. ሰበታ ከተማም ጅማ አባ ጅፋርም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ። ወራጅ የሚለየው በነጥብ ድምር ነው። ያን ጊዜ አንዷም ነጥብ ትናፍቃለች።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን 2 ጊዜ አሸነፈ፤ 3 ጊዜ እኩል ወጣ፤ 1 ጊዜ ተሸነፈ። ስንት ነጥብ አገኘ?