ዓሣ ፍለጋ ከሞጣ

ዓባይ ጎጃምን በሦስት ማዕዘን ይከብበዋል። ሞጣም ቢቸናም ከወንዙ ሩቅ አይባሉም። እንዲያም ሆኖ በሁለቱ ከተሞች ምግብ ቤት ገብቶ ዓሣ የሚያዝዝ ሰው አስተናጋጁን ግራ ያጋባል። ወንዙ ገደል ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ምግባችን ከማሳና ከበረት የሚመጣ የደጋ ሰዎች ነን። ስለዚህ «ቤተሰቤን ይዤ ዓሣ የት ልብላ?» ብሎ ለሚጠይቅ የሁለቱም ከተሞች መልስ አንድ ነው፤ ባሕር ዳር። ልዩነቱ ሞጣ ለባሕር ዳሩ የጣና ሐይቅ መቅረቧ ነው፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቢቸናዎች ይህ ሲነሣባቸው ደስ አይላቸውም። እነሱ አርበኛው በላይ ዘለቀ አላቸው፣ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አላቸው፣ በመረሬው ላይ የሚበቅል ነጭ ጤፍ አላቸው፤ በአንዲት ነገር ብንበልጣቸው ምን አለበት?

ሞጣ ገበያው አጠገብ ከሚገኝ አንድ ቡና ቤት የማይጠፉ አዛውንት አሉ። ምጽዋ የነበሩ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ወሬ ከጀመሩ ደግሞ ጀበናው ሦስቴ ይጣዳል እንጂ አያቆሙም። ለእሳቸው ዓሣ ማለት የምጽዋ ዓሣ ነው። «አንተ ዓሣ በልቼ አውቃለሁ ትላለህ?» አሉኝ። «ዓሣ እንደሆነ ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በየመኖቹ የሸክላ ምድጃ ገብቶ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ሲወጣ ነው። ያንን ከበላሁ ወዲህ ሌላው ሁሉ ለኔ ጎመን ነው።» ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት ጦር እጅ ወጣች፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን የባሕሩ በር የሌላ አገር ሆነ። እሳቸውም ወደ ሞጣ ተመለሱ። ዛሬ ልጆቻቸው ወደ ጣና ሲወስዷቸው እየተነጫነጩ ይሄዳሉ፣ እየተነጫነጩ ይበላሉ፤ ሳህኑ ግን ባዶ ሆኖ ነው የሚነሣው።

አዛውንቱ ስለ ዓሣ ሲነሣ ወሬውን ወደ ዓባይ ይወስዱታል፤ የእኛን ሰባራ ድልድይም ሳያነሡ አያልፉም፤ እኔም አላልፍም። ዓባይን ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ገበያተኛው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በዚህና በዚያ ዳር ጎበዞች ቆመው ሰውየውን በክፍተቱ ላይ አንጠልጥለው ይጎትቱታል፤ ከሥሩ ዓባይ ነው። አዛውንቱ በልጅነታቸው ተሻግረዋል። «ስትሄድ ዓይንህን ትጨፍናለህ፤ ስትመለስ ግን ጤፉን ሸጠህ ገንዘብ ይዘሃልና ትገልጠዋለህ» ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን የገመድ አሻጋሪ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በማግስቱ ዓመትም መጥቶ ክፍተቱን በብረት ገጠመው። ዛሬ በብዙ አገሮች ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ሥሩ እዚህ እኛ ገደል ውስጥ ነው፤ ይህን የሚያውቅ የሞጣ ልጅ ጥቂት መሆኑ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ የብረቱን ሥራ ወሰደው፤ በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካ።

ወደ ዓሣው ስመለስ፣ አዛውንቱ በልጅነታቸው ወደ ዓባይ በሚገቡት ወንዞች ዳር ዓሣ ይይዙ ነበር። በበጋ ውሃው ሲጎድልና ኩሬ ኩሬ ሲሆን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበታል፤ ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እነሱም በእጃቸው ይለቅሙታል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱንም ይፈጃል። «እሱስ ኃጢአት ነበር» ይላሉ፤ ወዲያው ግን ዓሣው እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ይነግሩኛል።

የጣና ዓሣ ከዚያ ከወንዙ ዓሣ ይለያል። ከሐይቁ በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከሥር ያለ ዓሣ ያንን ወጥቶ ሐይቅ ሊገባ አይችልም። በዚህ ተነጥሎ የኖረው ነጭ ዓሣ በጣና ውስጥ ብቻ ብዙ ዝርያ ሆኗል፤ አጥኚዎች 17 ያህል ቆጥረዋል፤ ከእነዚህ 15ቱ ሌላ የትም የሉም። በክረምት ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ጭምር ያጠምዳል።

ልጅ ላለው ሰው ግን ነጭ ዓሣ አስቸጋሪ ነው። በሥጋው መካከል ቀጫጭን እሾህ ተሰግስጎበታል። ለልጆች ቀረሶ ይታዘዝላቸው፤ አጥንቱ ትልልቅና በቀላሉ የሚለቀም ነው። ሙሉውን ተተልትሎ የተጠበሰው ለአዋቂ ደስ ይላል፤ ለትንንሾቹ ከአጥንቱ የተለየው ጉላሽ ወይም ኮተሌት ይሻላል። ዳጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይምጣ፤ ሎሚው ይብዛ። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ነው፤ እሾህም አያበዛም፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው ኦሪቱን የሚጠቅሱ ብዙ ሽማግሌዎች አይነኩትም። የኛ አዛውንት ምጽዋ እያሉ ያልበሉት የባሕር ነገር ያለ አይመስለኝም፤ አምባዛ ሲቀርብላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ለሞጣ ሰው የዓሣ ትልቁ ጥቅም ከጣዕሙም ከእሾሁም ሌላ ነው እላለሁ። ሞጣ ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዓመት በዓል እንጠራራለን፤ የከብቱ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ድስቱ ሁለት፣ አራጁም ሁለት ይሆናል። ዓሣ ቢላዋ የያዘው ማን ነው አይባልበትም። ሁለት ጎረቤታም ቤተሰቦች ተሰባስበው አንድ ሚኒባስ ቢይዙ፣ ከጾም ወጥ በቀር ከአንድ ሳህን የሚያበላቸው ዓሣ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዘይቱና መጥበሻው ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን። ሐይቁ ዳር ዓሣ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች የሚመረጡት በዚህ ነው።

የጾሙ ነገር ክርክር አለበት። ፍትሐ ነገሥቱን የሚጠቅሱ በነቢያትና በሐዋርያት ጾም ዓሣ ይፈቀዳል፣ በዐቢይ ጾምና በረቡዕ ዓርብ ግን አይፈቀድም ይላሉ፤ የከተማው ሰው ደግሞ በሁዳዴም ይበላል። ቢቸናዎች የዲማ ቅኔ ቤት ጎረቤቶች ናቸውና ይህን ሲከራከሩ ሌሊቱ ይነጋል። ለቤተሰብ ጉዞ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጾም ባልሆነ ሰሞን መሄድ። በሁዳዴ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ወንበር ይጠፋል።

መረቡ የሚነሣው በማለዳ ነው፤ ከቀትር በፊት የደረሰ ትኩሱን ያገኛል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ የተረፈውን ይበላል። አስጋሪዎቹ ዓሣ በሚያጸዱበት ዳር ፔሊካኖች ተሰልፈው የሆድ ዕቃውን ይጠብቃሉ፤ ልጆች ከምግቡ ይልቅ ይህን ያስታውሳሉ። እግራቸውን ግን ውሃ ውስጥ እንዳይነክሩ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አይጠፋም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሞጣ በጠዋት ተነሥቶ፣ በአዴት አልፎ፣ ዓሣ በልቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ቢቸናዎች ግን ደብረ ወርቅን አልፈው እኛ ዘንድ እስኪደርሱ ገና ግማሹ መንገድ ይቀራቸዋል፤ ልጅ ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ግፍ ነው። ሞጣ አድረው ሌሊት ቢነሡ ይሻላቸዋል፤ ይህን የምለው ለከተማዬ አልጋ ቤቶች አዳልቼ አይደለም። አዛውንቱን የቢቸና እንግዳ ቢመጣ ያሳድሩ እንደሆን ጠየቅኋቸው።

«ምን ገዶኝ፣ ይምጡ» አሉ። «ብቻ እኔ ቤት ዓሣ እንዳይጠይቁኝ። ሽሮ ነው ያለው።»