በሰው ትዝታ ላይ ስለ መፍረድ

እህል በቁና፥ ጨርቅ በክንድ ይለካል። የሰው ትዝታ ግን መስፈሪያ ስላልተበጀለት፥ ሌላው ሰው «አስታውሳለሁ» ሲለን እውነተኛነቱን የምንመዝነው በአነጋገሩ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ዕለቱንና የልብሱን ቀለም ሳይቀር ጠቅሶ የሚናገረውን እናምናለን፤ «ይመስለኛል» የሚለውን ግን እንጠራጠራለን።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በቅዱስ ራጉኤል ደጅ አረጋውያን ሲጨዋወቱ ይህንኑ እናያለን። በወረራው ዘመን ጣሊያን የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ እንዳዛወረው ሁሉም ይስማማሉ፤ ማን በየት በኩል ይነግድ እንደ ነበረ ሲነሣ ግን ቃላቸው ይለያያል። ሰሚውም ወደ አንደበተ ርቱዑ ያደላል። ከአባቱ የሰማውን በዓይኑ እንዳየ አድርጎ የሚተርክም አለ፤ ይህንም የሚያደርገው ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሰሙት ነገር ውሎ አድሮ ያዩት መስሎ ይታያልና።

እርግጠኛነት ብቻውን ምስክር እንደማይሆን በጥናት ታይቷል። «ቻሌንጀር» የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ስትፈነዳ፥ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ወሬውን የት ሆነው እንደ ሰሙ ተማሪዎችን በማግስቱ አስጻፉ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን ደግመው ቢጠይቁ፥ የ11ዱ ቃል ከቀድሞው ጽሑፋቸው ጋር በምንም አልገጠመም። ብዙዎቹ ግን እርግጠኞች ነበሩ፤ የገዛ እጃቸውን ጽሕፈት ባዩ ጊዜ እንኳ የቀደመው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

አባቶቻችን መመርመርን ያውቁ ነበር። በሶስና ታሪክ ሕዝቡ ሁለቱን ሽማግሌዎች ያመነው ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ሹመታቸው ነበር። ዳንኤል ግን ለያይቶ፥ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን ጠየቀ፤ መልሳቸውም ሳይገናኝ ቀረ። ንጽሕት ነፍስም ከሞት ዳነች።

እንግዲህ «ወረቀት ብቻ ይታመን» እንበልን? አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተገደሉት መነኮሳትና ዲያቆናት ግራዚያኒ ወደ ሮም በቴሌግራም ያስታወቀው ቁጥር 449 ነበር። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን በ1980ዎቹ የአካባቢውን አረጋውያን ጠይቀው፥ ቃላቸውን እርስ በርሱና ከጽሑፍ ጋር አመሳክረው፥ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ገመቱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋው አሳንሶ ጻፈ፥ የተወጋው ግን አስታወሰ። የአረጋውያኑ ቃል ዋጋ ያገኘው በዕንባቸው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተመዝኖ በመጽናቱ ነው።

ይህ ነገር በየቤታችን የዕለት ጉዳይ ነው። በብድር፥ በውርስና በድንበር ወንድማማች የሚጣላው አንዱ ሌላውን «ዋሽተሃል» ሲል ነው። ከዚህ ቃል በፊት ግን ልንጠይቃቸው የሚገቡ አሉ፦ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ነገሩን መጀመሪያ የተናገረው መቼ ነው? ከመናገሩ በፊት ከሌሎች ጋር ተማክሮበታልን? ስንጠይቅም መልሱን በአፉ አናጉርሰው፤ «ቀይ አልነበረምን?» ከማለት «ቀለሙ ምን ነበር?» ማለት ይሻላል። ምስክሮች ሁለት ከሆኑ ለየብቻ እንስማቸው። ወላጆችም ልጅ «አላስታውስም» ሲል አይቆጡት፤ ያልያዘውን አልያዝሁም ማለት ታማኝነት ነውና።

አረጋውያን በሕይወት ሳሉም የሚያስታውሱትን ከነዘመኑ እንጻፍላቸው፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይተን እናስፍር። ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ትውልድ ጠይቆ ሊያመሳክር አይችልምና። ማስተዋልን የሚሰጥ አምላክ ለሁላችንም ቅን ፍርድን ያድለን።