እንጦጦ፥ በሐይቅና በባሕር መካከል

ባሕር ያለው ሕዝብ የዕረፍት ቀን በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። እኛ ግን ከ1985 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የባሕር በር የለንምና፥ በሰንበት ዕለት ልጆቻችንን ይዘን ከየካ በፈረንሳይ ሌጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን።

ከተራራው ራስ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በአቃቂ አድርጎ ከአዋሽ ይገባል፤ አዋሽም የአፋርን በረሃ አቋርጦ አቤ በሚባለው ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ወደ ሰሜን የሚወርደው ግን በሱሉልታ በኩል ከሙገር፥ ከሙገርም ከዓባይ ተቀላቅሎ፥ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይጓዛል። ስለዚህ እንጦጦ በሐይቅና በባሕር መካከል ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ብርዱ ግን የባሕር ዳር ብርድ አይደለምና ጋቢ መያዝ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነበር፤ ሆኖም ከተማ ሆኖ የጸናው እቴጌ ጣይቱ የወደዱት፥ ሙቀት ያለው የፍልውሃው ሜዳ ነው።

ይህን ስናስረዳ ታናሹ ልጃችን፦ «ታዲያ ዝናቡ ያለ ይለፍ ወረቀት ከባሕር ይደርሳልን?» ሲል ጠየቀን። «አዎን፥ ይደርሳል» አልነው። እርሱም በኮዳው የቀረውን ውሃ በሰሜኑ በኩል አፈሰሰው።