ያልተሰማው ቫዮሊን



እኔ በአንድ ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ነኝ። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ፥ ጥቂትም ዜማ ቀጽዬ፥ ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጅ ቋንቋና ሒሳብ ስለ ተማርሁ፥ ስለ ሙዚቃ የማውቀው ከእነዚህ ከሁለቱ ቤቶች የቀረልኝን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የሙዚቃ ሊቅ መስዬ ለመታየት ሳይሆን፥ በገዛ ቤቴ የደረሰው ነገር ልጆች ላሏቸው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁና አንባቢ ይህን ያስተውልልኝ።

ባለፈው የልደት በዓል ዘመዶቻችን ከምሳ በኋላ በቤታችን ተሰብስበው ሳሉ፥ ታላቁ ልጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ያጠናውን ሙዚቃ ሊያሰማን ተነሣ። እሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ጊታር ያዘ፤ አንዱ ጓደኛው ድምፁ ወፍራም የሆነውን ቤዝ ጊታር፥ ሌላውም ከበሮዎቹን ያዘ። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ደግሞ ሦስት ዓመት የተማረችበትን ቫዮሊን በትከሻዋ አድርጋ በጎናቸው ቆመች። ሙዚቃው ሲጀመር የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። እኔ ከልጄ በሁለት ክንድ ያህል ርቀት ተቀምጬ ነበርና፥ ደጋኑ ሲመላለስ፥ ጣቶቿም በአውታሮቹ ላይ ሲሯሯጡ በዓይኔ አያለሁ፤ በጆሮዬ ግን አንዲት ድምፅ እንኳ አልደረሰችኝም። ሲጨርሱ ሁላችን አጨበጨብን። አክስቷም «ቫዮሊኑማ ልብ ይነካል!» አለቻት። ልጄ ምንም ሳትመልስ ቫዮሊኑን በሣጥኑ ከትታ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው።

ማታ ወደ ክፍሏ ገብቼ ምን እንደ ሆነች ብጠይቃት፥ «አባባ፥ ያልሰማችሁትን አመሰገናችሁልኝ። እኔ እኮ ከመካከል ጀምሬ ደጋኑን ከአውታሩ በላይ አንሥቼ በባዶው ነበር የማመላልሰው፤ ማንም አላወቀብኝም» አለችኝ። ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግሥቱ ታላቁን ልጄን ጠርቼ በእኅቱ ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ደንግጦ ዝም አለና፥ «አባባ፥ ይህ ነገር ከእኛ በሚበልጡትም ላይ ደርሷል» ብሎ የሚወዳቸውን ሸክላዎች ታሪክ ነገረኝ። እኔም ኋላ በንባብ አረጋገጥሁት።

ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የተወለደ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ወጣት ሙዚቀኞች በጊታርና በከበሮ የሚዘፈነው የሦስት ደቂቃ ዘፈን ስለ ጠበባቸው፥ ከአውሮፓ የጥንት ሊቃውንት ሙዚቃ አሠራሩን እየወሰዱ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሃያ ደቂቃ የሚረዝም ድርሰት መሥራት ጀመሩ። በ1969 ዲፕ ፐርፕል የተባለው ማኅበር በሎንዶን በሮያል አልበርት አዳራሽ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋራ እስከ መጫወት ደረሰ። ነገር ግን ሙሉ ኦርኬስትራ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር የማይቻል ስለ ሆነ፥ አንዳንዶቹ ማኅበሮች አንድ ቫዮሊን ወይም ሁለት ቼሎ የሚጫወቱ ሰዎችን እንደ ቤተ ሰብ አድርገው ተቀበሉ።

ጭንቁ የመጣውም ከዚህ በኋላ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ሠላሳ ያህል ቫዮሊኖች በአንድነት ስለሚጫወቱ፥ የነሐሱን መለከት ሊቋቋሙ ይችላሉ። ብቻውን የቆመ ቫዮሊን ግን ያለው ኃይል የቀጭን እንጨት ገላው ብቻ ነው። የእኛ ማሲንቆ በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ቤቱን ሁሉ የምታስለቅሰው፥ እሷ ስትናገር ሌላው ዝም ስለሚልላት ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ፊት ግን ዝም የሚል የለም። ማይክሮፎን በቫዮሊኑ ፊት ቢያቆሙለት፥ ማይክሮፎኑ ከበሮውንም አብሮ ይሰማል፤ ኃይሉን ሲጨምሩለትም ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ እየዋጠ እንደ ጅብ ይጮኻል።

ልጄ ከነገረኝ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ የሚስተር ዴቪድ ክሮስ ታሪክ ነው። እኚህ ሰው በ1972 ኪንግ ክሪምዞን በተባለው የእንግሊዝ ማኅበር ውስጥ በቫዮሊንና በቪዮላ ተጫዋችነት ገቡ። በ1973 በታተመው «ላርክስ ታንግስ ኢን አስፒክ» በተባለው ሸክላ ቫዮሊናቸው አንዳንድ ጊዜ እንደ ክር ቀጥኖ፥ አንዳንድ ጊዜም ከጊታሩ ጋራ ተናንቆ ይሰማል። ነገር ግን ማኅበሩ ከአገር አገር እየዞረ ሲጫወት የቤዝ ጊታሩና የከበሮው ኃይል ከቀን ወደ ቀን እየበረታ ስለ ሄደ፥ ቫዮሊኑ በድምፁ ማዕበል ተዋጠ።

በዚያው ማኅበር ሜሎትሮን የሚባል መኪናም ነበረ። መልኩ ሃርሞንየም ይመስላል፤ ከእያንዳንዱ ቍልፍ ሥር የቫዮሊኖች ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ አለ፤ ቍልፉ ሲጫን ድምፁ ይወጣና ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ቴፑ ያልቃል። ሚስተር ክሮስ ከቫዮሊናቸው ሌላ ይህንኑ መኪና ይጫወቱ ነበር። ሕያው ቫዮሊን በእጁ ያለ ሰው እሱን አስቀምጦ ከዚህ ቀደም የተቀዳውን የሌሎችን ቫዮሊን በጣቱ ሲቀሰቅስ መዋሉ ለእኔ አሳዛኝ ሆኖ ታየኝ።

በሰኔ ወር 1974 በአሜሪካ አገር በአስበሪ ፓርክ ከተማ የተጫወቱት ሙዚቃ ተቀድቶ፥ በሚከተለው ዓመት «ዩ.ኤስ.ኤ.» በሚል ስም ታተመ። ሚስተር ክሮስ ከዚያ ጉዞ በኋላ ከማኅበሩ ወጥተው ነበር። በቀረጻው ላይ የእሳቸው ቫዮሊን እንደሚገባ ሆኖ ስላልተገኘ፥ ኤዲ ጆብሰን የተባሉ ሌላ ቫዮሊን ተጫዋች በስቱዲዮ ገብተው በአንዳንዶቹ ድርሰቶች ላይ አዲስ ቫዮሊን ጨመሩ። ነገሩ በስውር የተደረገ አይደለም፤ የሚስተር ጆብሰን ስም በሸክላው ላይ ተጽፏል፤ የሙያቸውም ብርታት የታወቀ ነው። ሆኖም በአስበሪ ፓርክ ቆመው የተጫወቱት ሌላ ሰው ነበሩ። የሚስተር ክሮስን ቫዮሊን የያዘው ያው ጨዋታ ለሕዝብ የቀረበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህን ስሰማ ልጄ ያላወቀው አንድ ነገር በልቤ ተነሣ፤ እኔም ይህንኑ አድርጌ አውቃለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልቴት በቤት ክርክር ቃሏን ስትሰጥ ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የተከራካሪዋ ጠበቃ ግን ቃሉ ችሎቱን የሚሞላ ሰው ነበር። ከተናገረችው ውስጥ አንዱ ቃል አመለጠኝ። እንደገና እንድትነግረኝ መጠየቅ ስላፈርሁ፥ በእንዲህ ያለ ክርክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለውን አስቤ «ውሉ ተነቦልኝ ጣቴን አትሜአለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ዳኛው ቃሏ እንዲነበብላት ሲያዙ፥ ባልቴቲቱ አንገቷን አቅንታ አዳመጠችና፥ «ጌታዬ፥ አጻጻፉስ መልካም ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። እኔ ያልሁት ሳይነበብልኝ አተምሁ ነው» አለች። መዝገቡ ወዲያው ታረመ። ባይነበብላት ኖሮ ግን በእኔ ኀፍረት ምክንያት ቤቷን ልታጣ ትችል ነበር። ሰው አለመሰማቱ አንድ በደል ነው፤ በእሱ ስፍራ የሌላ ቃል ገብቶ «ተሰምቷል» መባሉ ግን ሁለተኛ በደል ነው። በበዓሉ ቀን እኔና አክስቷ በልጄ ላይ ያደረግነው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ለልጄ ምን ማድረግ እንደሚገባ ስመክር፥ ታላቅ ወንድሟ መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ ነው አለኝ። በ1970 በበርሚንግሃም ከተማ የተቋቋመው ኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራ የተባለው ማኅበር ቼሎና ቫዮሊንን ዋና ባለቤት ሊያደርግ የተነሣ ነበር፤ ዳሩ ግን በ1972 በሕዝብ ፊት መጫወት ሲጀምር፥ አውታሮቹ በጊታሩና በከበሮው ተሸፍነው አስቸግረውት ነበር። ኋላ ግን በአውታር መሣሪያው ገላ ላይ የሚገጠም ትንሽ የድምፅ መቀበያ ረዳቸው። ይህ መቀበያ የሚሰማው በአየር ውስጥ ያለውን ጩኸት ሳይሆን የእንጨቱን መንቀጥቀጥ ስለ ሆነ፥ ከበሮው አያሳስተውም።

እኔም ይህን መቀበያ ገዝቼ ሰጠኋት። ቫዮሊኗ በእውነት ጎላ። ነገር ግን ወንድሟ ጊታሩን ጨመረ፤ እሷም ጨመረች፤ ከበሮ መቺውም እንዳይቀር በረታ፤ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን በር አንኳኩተው በትሕትና ወቀሱን። ያን ጊዜ የልጆቼ እናት ከማድቤት ወጥታ፥ «እንዲህ እየተጨማመራችሁ የት ልትደርሱ ነው? አንዳችሁ ስትናገሩ ሌላችሁ ዝም በሉ እንጂ» አለቻቸው።

እኔ በብዙ ንባብ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። በዜማ ቤት የተማርነውም ይኸው ነው፤ በማኅሌት አስቀድሞ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፤ ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል፤ ከበሮው የሚመታው ዜማው በጆሮ ከገባ በኋላ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን አላጡትም። ካንሳስ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ1977 «ደስት ኢን ዘ ዊንድ» ማለት «በነፋስ ያለ ትቢያ» የሚባለውን ዘፈን ሲያወጣ፥ ከበሮው ፈጽሞ ዝም አለ። ጊታሩ በቀስታ ይንቆረቆራል፤ በመካከሉ የሚስተር ሮቢ ስታይንሃርት ቫዮሊንና ቪዮላ ይነሣሉ። ነገሩ መጽሐፈ መክብብን የሚያሳስብ ነው። ያ ኃይለኛ ማኅበር በ1978 በአገሩ የዘፈን ሰንጠረዥ እስከ 6ኛው ደረጃ የወጣው በዚህ ዝግ ባለ ዘፈን ነው።

ልጆቹም እናታቸው ያለችውን ሰምተው ድርሰታቸውን እንደገና አበጁት። ለትንሣኤ በዓል ዘመዶቻችን ሲሰበሰቡ ከበሮውና ጊታሩ በመጀመሪያ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ቆሙ፤ ቫዮሊኗም ብቻዋን ቀረች። ወንድሟ እጁን በጊታሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ ይጠብቅ ነበር። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳለ በአንድ ስፍራ ጣቷ ስታ የማይስማማ ድምፅ ወጣ። ሲጨርሱ አክስቷ አቅፋ ሳመቻትና፥ «ልጄ፥ ከመካከል ላይ አንድ ጊዜ ተሳሳትሽ መሰለኝ» አለቻት።

ልጄ ደስ ብሏት ሳቀች። «አዎን እትዬ፥ ተሳስቻለሁ» አለች።

ያን ዕለት ማታ ቫዮሊኑ ከአልጋው ሥር አልገባም፤ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አደረ። እኔም ከዚያ ወዲህ በችሎት ቃሉ ያመለጠኝን ባለጉዳይ «እባክዎ፥ ይድገሙልኝ» ማለትን አላፍርም።