የሰጋቱራው ምድጃ ዳር

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤቶቼን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያደረ እንደሆነ፣ ጠዋት ስነሳ ቀድሞ የሚሸተኝ ቡናው አይደለም። የራሰ ጽድና የሚጤስ ሰጋቱራ ይሸተኛል። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንኳን የጽድ እንጨት፣ አንድ ዛፍ ከመስኮቴ አይታይም። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ግን አውቀዋለሁ። ከሃምሳ አለቃ ግቢ ነው።

ሰፈራችን ኮርያ ሰፈር ነው። ከኮርያ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች የሰፈሩበት፣ ጋራው ግርጌ ያለ ሰፈር። እንግዲህ በኮርያ ሰፈር ሃምሳ አለቃ ሞልቶ ነበር። አንዱ ሃምሳ አለቃ ዕድር ይሰበስባሉ፣ አንዱ ንብ ያነባሉ፣ አንዱ ከማንም አይነጋገሩም። የኛው ግን ‹‹አናጢው ሃምሳ አለቃ›› ነበሩ። ልጆች ስንሆን ‹‹አናጢው›› የሚለውንም ጣልነውና እሳቸው ብቻ ሃምሳ አለቃ ሆነው ቀሩ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። በፊትም አይቻቸው ይሆናል፤ ለኔ ግን ያቺ ቀን ናት የመጀመሪያዋ። ከጋራው የወረደው ጎርፍ የግራ እግሬን ኮንጎ ጫማ ነጥቆኝ ሄደ። ጎርፉን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት እናቴን ነው። ቦዩ ዳር ቆሜ ሳለቅስ አንድ ረጅም ሰው፣ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ካፖርት የለበሱ፣ ከቆርቆሮ በር ብቅ አሉ። የማን ልጅ ነህ አላሉኝም። ምን ጠፋህም አላሉኝም። እግሬን አዩና ‹‹ና ወዲህ›› ብለው አንጠልጥለው አስገቡኝ።

ሥራ ቤታቸው ጨለም ያለ ነበር። ወለሉ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጥፎበት ሲረገጥ ይለሰልሳል። ጥግ ላይ የሰጋቱራ ምድጃ ይጤሳል። ዛሬ የሰጋቱራ ምድጃ የሚያውቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በቆርቆሮ ጣሳ መሐል ዱላ ይቆምና ሰጋቱራው ዙሪያውን እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ዱላው ቀስ ብሎ ይመዘዛል። ከሥር የተለኮሰ እንደሆነ ነበልባል ሳያበዛ ግማሽ ቀን ይነዳል። ሃምሳ አለቃ እዚያ አጠገብ አስቀመጡኝና የቀኝ እግሬንም ጫማ አወለቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ሁለቱንም እግሬን አደረቁ። ከዚያም ጣቶቼን አንድ በአንድ እየፈለቀቁ መሐል ለመሐላቸውን አዩ። ኮረኮረኝና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

‹‹ጣትህን አንቀሳቅስ። ይሰማሃል?››

‹‹አዎ።››

‹‹ይቺኛዋስ?››

‹‹አዎ።››

‹‹ጎበዝ።››

ባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ እፍኝ ቆሎ ይዘው መጡ። ሃምሳ አለቃ ረጅም አጣና አንስተው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም፤ ቆሎውን ጨርሼ ነበር። ሲመለሱ ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል፣ በእጃቸው ጭቃ የሞላው ኮንጎ ጫማዬ አለ። ምን ያህል ቁልቁል ተከትለውት እንደሄዱ እንጃ። አጠቡትና ከምድጃው ራቅ አድርገው ደፉት። ‹‹ፕላስቲክ እሳት አይወድም›› አሉኝ፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ልጅ ሆንኩ። ስምንት ልጆች ነበሯቸው፤ እኔ ዘጠነኛ።

እንዴት እንደሚኖሩ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ሌሊት አንድ መጋዘን ይጠብቃሉ። ሲነጋጋ፣ እኛ ደብተራችንን ይዘን ለትምህርት ቤት ስንወጣ፣ እሳቸው በዚያ ካፖርት ተጠቅልለው፣ በብብታቸው ትኩስ ዳቦ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። የካፖርቱ ሽታ ልዩ ነበር፤ ጭስ፣ ሱፍና ዳቦ። ስንዘገይ ካዩን እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ‹‹ፓሊ! ፓሊ!›› ይሉናል። እንሮጣለን። ቃሉን ከወታደር ቤት ያመጡት መስሎን ‹‹ሂድ›› ማለት ነው ብለን ተስማምተን ነበር። ኳስ ሜዳ ላይ ሳይቀር ‹‹ፓሊ በል!›› እየተባባልን አደግን።

ሁለት ሰዓት ያህል ይተኙ ይሆናል። ከዚያ መጋዙ ይጀምራል። ያ ድምፅ የሰፈራችን ሰዓት ነበር፤ መጋዙ ሲቆም እናቶች ምሳ መድረሱን ያውቃሉ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የሙሽራ ሣንዱቅ ይሠራሉ። ከሚተርፈው ቁርጥራጭ ደግሞ ለልጆቻቸው ሁሉ የማጥኛ ጠረጴዛ ሠርተዋል። ስምንት ጠረጴዛ በሁለት ክፍል ቤት! ለኔም ከዋንዛ አንዲት ዱካ ሠሩልኝ። ሦስት እግር ነበራት። ‹‹አራት እግር ያለው ወለሉ ካልተስተካከለ ይነቀንቃል፣ ሦስት እግር ያለው የትም ይቆማል›› አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ሰፈሩን ያነጋግር ነበር። ሃምሳ አለቃ ውሃ ይቀዱ ነበር። እትዬ ወገባቸውን ካመማቸው በኋላ፣ ሌሊት ሲጠብቁ ያደሩ ሰው፣ በሁለት ባልዲ ቦኖው ጋ ተሰልፈው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ወንድ ልጅ፣ ያውም ኒሻን የተሸለመ ወታደር፣ ከሴቶች ጋር ውሃ ሲሰለፍ ማየት ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ጎረቤት ‹‹ሃምሳ አለቃ፣ ሴት ልጅ የለዎትም እንዴ?›› አላቸው። ወረፋው ጸጥ አለ። እሳቸው ባልዲያቸውን ወደፊት ገፋ አደረጉና፣ ‹‹ሴቶቹ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው›› አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ ‹‹በሰው አገር ለማላውቀው ሰው ውሃ ተሸክሜያለሁ። ለሚስቴ ልፈር?›› እናቴ ይህን ነገር ቤት መጥታ ለአባቴ ስትነግረው ድምፅዋ ልዩ ነበር። አባቴ ዝም አለ።

ስለ ኮርያ ከሳቸው አፍ ያን ያህል እንኳ መስማት ብርቅ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። መንግሥት የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ነበር፤ የትግላችን ሐውልት የቆመውም በእነሱ እገዛ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የተዋጉት ከደቡቡ ጋር ቆመው ነው። ኒሻናቸው አልጋ ሥር፣ በሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። በወጣትነታቸው ያን ሁሉ አይተው የመጡ ሰዎች፣ በስማቸው በተሰየመ ሰፈር እየኖሩ ስለ ስሙ አያወሩም። ልጅ ሆኜ ኮርያ የአንድ ሰው ስም ይመስለኝ ነበር።

ታሪኩን በኋላ ነው የለቃቀምኩት። በ1943 ዓ.ም. ንጉሡ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ላኩ። በአባታቸው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን። እዚያ ከአሜሪካኖቹ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። ሃምሳ አለቃ በ1944 ከሄደው ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ነበሩ። እየተተካኩ የዘመቱት ከ6 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ። የተማረከ አንድም የለም። የወደቀውንም የቆሰለውንም ተሸክመው ይመለሱ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ጎርፉን ተከትለው የሄዱት ትዝ አሉኝ።

አንድ ምሽት ብቻ ተናገሩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ኩራዙ በርቶ፣ ሁላችንም ምድጃውን ከብበን፣ ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ ‹‹አባባ፣ ኮርያ እንዴት ያለ አገር ነው?›› አላቸው። ሲቆጡ ለማየት ጠበቅን። አልተቆጡም። እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉ።

‹‹ብርድ ነው›› አሉ።

ስለ ጥይት አንድ ቃል አልወጣቸውም። ስለ ካልሲ ነው የነገሩን። ተራራው በበረዶ ሲሸፈን፣ ምሽግ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ሳይሰማው እንደሚሞት። ጥቁር ሆኖ እንደሚቆረጥ። ስለዚህ አንዱን ካልሲ አድርገህ ሌላውን ደረትህ ላይ፣ ከሸሚዝህ ሥር ታደርቀዋለህ። ሌሊት ሌሊት ጓደኛ የጓደኛውን ጫማ እያወለቀ ጣቱን ያይለታል። ‹‹የኔን ያይልኝ የነበረው ከወሎ የመጣ ልጅ ነበር›› አሉና ዝም አሉ። ያ ልጅ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። እትዬ ተነስተው ኩራዙን አስተካከሉ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ‹‹እኛ በጣሊያን ስንወረር የመጣልን አልነበረም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ አባቴ ግን ሲያወራው ያለቅስ ነበር። ‹ለሰው ድረሱ› ሲሉን ሄድን›› አሉ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮርያ ሲያወሩ የሰማሁት ስለ ልጆቹ ነው። ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የኛ ወታደሮች ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው እንደነበር፣ ከራሽናቸው እየቀነሱ ያበሏቸው እንደነበር። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይፈታል። ‹‹ጉንጫቸው ቀይ ነበር፣ ብርዱ ልጦት›› ይላሉ፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ።

ዘመኑ ሲለወጥ ሣጥኑ ተከፈተ። አፍንጮ በር አጠገብ የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ከቆመ በኋላ አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። ያን ጊዜ ከዘራ ይዘዋል። ኮታቸው ላይ ኒሻኑን ደርድረው፣ ቆባቸውን አዘንብለው፣ ከሐውልቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰላምታ ሰጡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ግን ቶሎ አላወረዱትም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የነገሩኝ ስለ መሠረቱ ድንጋይ ነው። ‹‹ጥሩ አድርገው ጠርበውታል›› አሉ። አናጢም ቢሆኑ የእጅ ሥራ ሁሉ ያስደስታቸው ነበር።

ልጆቻቸው ስምንቱም ተማሩ። ነርስ አለች፣ መምህር አለ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነው። ከመጋዝና ከሌሊት ጥበቃ በቀር ምንም ገቢ ያልነበረው ቤት ነው። ማንኛቸውም ጋ ብትሄዱ፣ ሳሎኑ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አንድ ጥግ ላይ ያቺ የቁርጥራጭ ጠረጴዛ ትገኛለች።

የኔ ዱካም አለች። ልጄ ትቀመጥባታለች። ባለፈው ክረምት ስልኳን ይዛ፣ እንደ ዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ የኮርያ ድራማ ስታይ፣ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ። ድንገት ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ‹‹ፓሊ! ፓሊ!›› ብላ ጮኸች። ጋዜጣው ከእጄ ወደቀ።

‹‹ምን አለች?››

‹‹ቶሎ፣ ቶሎ በል ነው የምትለው፣ አባዬ። ምነው?››

ዳገቱ፣ ካፖርቱ፣ ብብታቸው ውስጥ ያለው ዳቦ፣ ሁሉም መጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲያጣድፉን የነበረው በኮርያ ቋንቋ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ ስሟን መጥራት በማይመችበት ዘመን፣ በየጠዋቱ ይጠሯት ኖረዋል። መልሼ መልሼ አስከፈትኳት። ልጄ አንገቴን አቅፋ ዝም ብላ አየችልኝ።

ዛሬ ሰፈሩ ብትሄዱ አታውቁትም። ቦኖው የለም። ጎርፉ የሚወርድበት ቦይ በኮብልስቶን ተደፍኗል። የሃምሳ አለቃ ሥራ ቤት የነበረበት ላይ ሱቅ አለ። ባሕር ዛፉ ተመናምኗል። ልጆቹ ጫማቸው ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል።

የተቀበሩትም በነሐሴ ነው። ዝናቡ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድንኳኑ አልለቀቀንም። የቀሩት ጓዶቻቸው መጥተው ነበር፤ አምስት ቢሆኑ ነው፤ ኒሻናቸውን አድርገው፣ ሁለቱ በሰው ተደግፈው። እትዬ መሐላቸው ተቀምጠዋል። አንድም ቃል አይናገሩም፤ እጃቸው ግን የባላቸውን ካፖርት ጭናቸው ላይ እያለሰለሰ ነው። እኔ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ስለነበርኩ ከጉልበቴ በታች ጭቃ ነኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከዚያን ቀን በፊት አይቼያቸው የማላውቅ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ሆነው እግሬን ሲያዩ ቆዩ። በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉ።

‹‹ረጥቧል?››

‹‹ግድ የለም አባቴ፣ ይደርቃል።››

‹‹አውልቀው።››

ሰው ሁሉ እያየ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ጎንበስ ብዬ አወለቅሁ። ካልሲዬንም። ሽማግሌው ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝና ወደ እግሬ ዘንበል አሉ።

‹‹ጣትህን አንቀሳቅስ›› አሉኝ። ‹‹ይሰማሃል?››