ሳጥኑና ብርጭቆው

ባለፈው ዕረፍት አራት ሆነን እጃጂ፣ ከጓደኛችን ቤት ሰንብተን ነበር። ከአምቦ ተነሥቶ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ከተማዋን ያውቃታል።

ማታ እናቱ ዳግም አረቄ አቀረቡልን፤ ሁለት ጊዜ የወጣ ነውና ጉሮሮ ይፈጃል። እኛ የተማርን ነንና እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የሚታሸገውን የአምቦ ውሃ፣ ሎሚና ማር ቀላቅለን «ኮክቴል» አልነው። እናትየው «ይህን ያህል የደከምሁት ውሃ ልትጨምሩበት ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ይጣፍጥ ነበር፤ ጥፋቱም ከዚያ መጣ።

ከዚያ ጓደኛችን ሳጥኑን አመጣ። አባቱ ከዋንዛ የሠሩት ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ማጠፊያ አይታይበት። አንዱ ጣውላ ተንሸራቶ ሌላውን ካልለቀቀ አይከፈትም። በጃፓን የሃኮኔ አናጢዎች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንዲህ ያለ ይሠራሉ፤ የእጃጂው አናጢ ግን ያን ሳይሰሙ ነው የሠሩት። «ስትመረቅ አከፋፈቱን አሳይሃለሁ» ብለውት ነበር፤ ሳይደርሱለት ዐረፉ።

በአንደኛው ብርጭቆ ሁላችንም መሐንዲሶች ሆንን። በሁለተኛው አንዳችን «ቢላዋ አምጡ» አለ፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ሳጥኑን አቅፎ ተኛ። መጠጥና እንቆቅልሽ አብረው ይሄዳሉ ከሚል ሰው ጋር እስከ አንድ ብርጭቆ ድረስ እንስማማለን።

ጠዋት ቡና ሲፈላ ሳጥኑን በእጁ እየዳበሰ ተቀመጠ። ከጎኑ በኩል ያባቱ አውራ ጣት ብዙ ጊዜ የነካው፣ ከሌላው የለሰለሰ ቦታ አገኘ። ገፋው፤ አንድ ጣት ያህል ሄደ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አደረግን። እሱ ግን መልሶ ዘጋው፤ ለምረቃው ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።