ያልተነካካው ዊንቸስተር

በጥቅምት ማብቂያ የዋዮሚንግ ነዳጅ ማደያና ቁርስ ቤት ሁሉ ብርቱካናማ ሰደርያ በለበሰ ሰው ይሞላል። ሕጉ ያስገድዳል፤ በጠመንጃ አጋዘንና ኤልክ የሚያድን ሰው ከሩቅ እንዲለይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ መልበስ አለበት። ሮዝ የመረጠ ወንድ ግን በመንገዳችን ላይ አላጋጠመንም። እኔና ጋሼ ተራ ጃኬት ነው የደረብነው፤ ከኮሎራዶ ተነሥተን ወደ ሰሜን የምንነዳው ለአደን ሳይሆን ለግዢ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥተው አጋዘን የሚያድኑ ሰው ናቸው። የጠመንጃ ወሬ ሲነሣ ሬዲዮ ይዘጋሉ።

«ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?» አሉኝ ካስፐርን እንዳለፍን።

«ዘጠና አራት።»

«ሁሉም ዘጠና አራት ይላል። የየትኛው ዘመን ዘጠና አራት?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። የዊንቸስተር 1894 ሞዴል ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ንድፉን የሠራው በዩታዋ ኦግደን ከተማ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ ሆኖ ያደገው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ነው፤ አገራችን ስሙን በሽጉጥ የሚያውቀው ያው ብራውኒንግ። ምላጩን የከበበውን የብረት ቀለበት፣ እዚህ ሌቨር የሚሉትን፣ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ቀለሁን አስወጥቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። በ1895 ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላው 30-30 ጥይት ሲመጣለት በአሜሪካ የገበሬና የከብት አርቢ ቤት ሁሉ ገባ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ፣ ጎኑ ዝርግ ስለሆነ ከኮርቻ ጋር ይስማማል።

ጋሼ የፈለጉት መልስ 1964ን ነው። በዚያ ዓመት ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለወጠ። ጥይቱን ከካዝናው ወደ ላይ የሚያነሣው ድፍን ብረት በተጨፈለቀ ላሜራ ተተካ፤ ድፍን የነበሩት ፒኖችም ውስጣቸው ባዶ ሆነ። ጠመንጃው መተኮሱን አላቆመም፤ ብዙ ሰው በዚያም ብዙ አጋዘን ጥሏል። ገዢው ግን እስከ ዛሬ «ከ64 በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሳይል ኪሱ አይገባም። እኔም ከዚያ በፊት የተሠራውን እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

ከሾሾኒ በኋላ መንገዱ በዊንድ ሪቨር ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ከገደሉ ሲወጣ ስሙን ለውጦ ቢግሆርን ይባላል፤ ውሃው ያው ነው። ቴርሞፖሊስ ላይ ፍልውሃ አለ፤ ጋሼ ወገባቸውን ሊነክሩ ፈለጉ፣ እኔ የምንሄድበት ኮዲ ከተማ ሳይመሽ መድረስ ፈለግሁ። ወገብ ተሸነፈ።

ኮዲ

በቡፋሎ ቢል ማዕከል ውስጥ ያለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም በአንድ ቀን አያልቅም። ወርቅ የፈሰሰባቸውንና ለነገሥታት የተቀረጹትን በፍጥነት አለፍኳቸው። ያመጣኝ በ2014 ኔቫዳ ውስጥ የተገኘው ጠመንጃ ታሪክ ነው። በግሬት ቤዝን ብሔራዊ ፓርክ የቅርስ ባለሙያዎች ሲዞሩ አንድ የ1873 ሞዴል ዊንቸስተር ከጥድ ዛፍ ጋር ተደግፎ እንደቆመ አገኙ። እንጨቱ ነጥቶ ተሰንጥቋል፣ የሰደፉ ጫፍ አፈር ውስጥ ገብቷል። ኮዲ ያለው የዊንቸስተር ፋብሪካ መዝገብ በ1882 መሠራቱን መሰከረ። ማን እንዳስደገፈውና ለምን እንዳልተመለሰ ዛሬም አልታወቀም።

ሙዚየሙ ጠመንጃውን ሲረከብ በከተማው ሆስፒታል ራጅ ተነሣ። ሰደፉ ውስጥ ካለችው ጉድጓድ አንድ ጥይት ታየ፤ ወጥቶ ሲመረመር ከ1887 እስከ 1911 ባለው ጊዜ የተሠራ ሆነ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ዝገቱን ፍቀው አላበሩትም፣ ስንጥቁን በአዲስ እንጨት አልደፈኑም። እየተፈረፈረ የነበረውን እንጨት ባለበት አጸኑት እንጂ ዛፉ ሥር የነበረውን መልክ አልነኩም። አሁን ወደ ፓርኩ ተመልሷል።

ይህን ለጋሼ ስተርክላቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ያልተወለወለ ጠመንጃ የባለቤቱ ነውር ነው» አሉ። እሳቸው ያደጉበት አገር እንደዚያ ነው፤ የእኔም አያት ምንሽራቸውን እንግዳ በመጣ ቁጥር በዘይት ጨርቅ ያሹት ነበር። ግን ዘይት ሌላ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሌላ። ይህን ልዩነት በማግስቱ የሱቁ ሰውዬ በእጃቸው አሳዩን።

ሱቁ

ባለቤቱ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ዘጠና አራት ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አጋደሙ፤ ሌቨራቸውን ከፍተው ባዶ መሆናቸውን አሳዩን፣ እኛም ጣታችንን አስገብተን አረጋገጥን። አንደኛው እንደ አዲስ ያበራል፤ ሁለተኛው ሆዱ አካባቢ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ ለቆ ወደ ግራጫ ሄዷል። ጋሼ ወዲያው የሚያበራውን አነሡ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው አጉሊ መነጽር አቀበሏቸው።

መጀመሪያ ጽሑፉ። በሚያበራው ላይ የኩባንያው ስም ጠርዙ ቀልጧል፤ አንድ ሰው ብረቱን በማሽን ሞርዶ እንደገና ቀለም አስነክሮታል። ቀጥሎ እንጨቱ። ከፋብሪካ የወጣ የዋልነት ሰደፍ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ከብረቱ በጣት ጥፍር የሚታወቅ ያህል ከፍ ይላል። የሚያበራው ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል። የብሎኖቹ ራስም በማይገጥም ካቻቢቴ ተቦጭቋል።

ግራጫው ጠመንጃ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ጥፍር ይይዛል፣ እንጨቱ ከብረቱ በላይ ነው፣ ብሎኖቹ ከፋብሪካ ወዲህ የተፈቱ አይመስሉም። ቀለሙ የለቀቀው ሰው ጠመንጃ አንጠልጥሎ ሲሄድ መዳፉ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። በአፈሙዙ ግራና ቀኝ ያለው መላጣ የኮርቻ አፎት ያደረገው ነው። ከተከፈተው በኩል ትንሽ ባትሪ አብርተን በአፈሙዙ ስናይ ጠመዝማዛው ቦይ ጥርት ብሎ ታየን። ሽማግሌው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ብዙ ቆዩ፤ ይህ ዓይነት ጠመንጃ የሚጸዳው ከፊት ስለሆነ ግዴለሽ ሰው በዘንጉ ጫፉን ይበላዋል፣ ያኔ ማነጣጠር ከንቱ ነው። ይኼኛው አልተበላም።

ዘመኑን ለማወቅ መዝገብ ቤት መሄድ አይረዳም፤ ኮዲ ያለው የፋብሪካ መዝገብ ለዚህ ሞዴል እስከ መለያ ቁጥር 353,999 ብቻ ነው። ጋሼ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። ኩባንያው አንድ ሚሊዮን ተኩልኛውን በ1948 ለፕሬዚዳንት ትሩማን፣ ሁለት ሚሊዮንኛውን በ1953 ለአይዘንሃወር ሰጥቷል። የእኛ ቁጥር በሁለቱ መካከል ነው። «ከትሩማን በኋላ፣ ከአይዘንሃወር በፊት» ብለው ፈረዱ።

ግድግዳው ላይ ከ1899 በፊት የተሠራ አንድ ዘጠና አራት ተሰቅሏል። የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለውን እንደ ቅርስ ስለሚቆጥረው ያለ ቅጽ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን የመኪናዬን ጎማ ሁሉ ያስቀይራል። ከሱ ጎን በየበዓሉ የተሠሩ፣ ሜዳልያ የተለጠፈባቸው መታሰቢያ ዊንቸስተሮች በካርቶናቸው ተደርድረዋል። ሰው ይከብራል ብሎ ሳይተኩስ አስቀመጣቸው፤ ብዙ ስለተመረቱ የታሰበውን ያህል አልከበሩም። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም እንጃ።

ዋጋ ላይ ጋሼ ገቡ። እዚህ አገር መከራከር ነውር ነው ያለ ሰው መርካቶን አያውቅም። ሽማግሌው ከተጻፈው ላይ ትንሽ ቀነሱ፣ ጋሼ ደግሞ አንድ ፓኬት ጥይት አስጨመሩ። የጥይቱ አፍንጫ ጠፍጣፋ መሆኑን አይተው አጸደቁ፤ በቱቦው ካዝና ውስጥ የአንዱ ጥይት አፍንጫ ከፊቱ ባለው ጥይት ቂጥ ላይ ስለሚያርፍ ሹል ጥይት በንዝረቱ የፊተኛውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ኦሮራ

ጠመንጃውን ይዘን አልተመለስንም። ሽማግሌው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ በሰፈራችን ወዳለ ፈቃድ ያለው ሱቅ ላኩት፤ እዚያ 4473 የተባለውን ቅጽ ሞላሁ፣ የኋላ ታሪኬ ተጣራ፣ የኮሎራዶ ሕግ ከ2023 ጀምሮ የሚያዘውን የሦስት ቀን ጥበቃ ጠበቅሁ።

ተኩስ ሜዳ ላይ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን አጣምረዋል። ጥይቶቹ ተቀራርበው ወደቁ፤ ሁሉም ግን ወደ ግራ አዘንብለዋል። የኋላውን ማነጣጠሪያ በናስ መምቻ በቀስታ ወደ ቀኝ ገፋሁትና እንደገና ተኮስኩ። ጋሼ ወረቀቱን በሩቅ መነጽር አይተው እጃቸውን ዘረጉ።

«በል አምጣው፣ አሁን የእኔ ተራ ነው።»